የጀርመን ምርጫና የአባቴ ዋስ

ወፍጮ ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ነው። ባለቤቱ ጀርመን ነው፤ አዳማ ላይ ግን ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ስለሚባል እኛም የወፍጮው ሙሴ እንለዋለን። አማርኛ አያውቅም። እርግጥ «ቶሎ ቶሎ» እና «ነገ ና» ማለት ይችላል፤ በዚህ ብቻ ግን ወፍጮ ቤት አይመራም። ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ እኔም እናገራለሁ። አባባ የጣቢያው አስተርጓሚ ናቸው። ድሬዳዋ ሳለን ከካቶሊክ ደናግል ዘንድ አስገብተው አስተምረውኝ ነበር፤ ወደ አዳማ ስንዛወር ደግሞ ቋንቋው እንዳይጠፋብኝ ብለው ጠዋት ጠዋት ሙሴን እንዳግዝ ላኩኝ። «እሜቴ ጤፉን አድቅቅልኝ ይላሉ»፣ «ይሄ ጆንያ የማን ነው?»፣ ሥራዬ ይኸው ነበር። እንዴት እወደው ነበር! ሙሴም አፌን ያያል፣ ሰዉም አፌን ያያል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ።

እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ደግሞ መጠየቅ ይወዳል። ሙሴ ሚስት አለችው? ሞተሩ ምን ይበላል? አገሩ በባሕር ነው በየብስ? እኔ ሁሉንም እጠይቅላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ሙሴ በባቡር የመጣለትን ጋዜጣ ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠና ወረቀቱን ጆንያ ላይ ወረወረው። ከአርሲ ነገሌ በቆሎ ያመጣች ነጋዴ ሴት አይታው፣ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ሰው ሞቶበታል መሰል! እስቲ ጠይቂው፣ እናልቅስለት» አለችኝ።

ጠየቅሁት። «የሞተ የለም፤ ሌላ ምርጫ ሊደረግ ነው» አለ።

«የምን ምርጫ? የበሬ ነው የፈረስ?» አለ አንዱ።

«አገር የሚገዛውን ሰው ነው የሚመርጡት» አልኩ።

«ማን ነው መራጩ?»

«ሁሉም ሰው።»

ሳቁ ከሞተሩ በላይ ተሰማ። ሙሴ ሳቁን ሰምቶ ተነሣና፣ «እነዚህ የውጭ አገር ሰዎች ማወቅ ከፈለጉ በደንብ ላስረዳቸው» አለኝ። እኔም እንዳለ ተረጎምኩት።

«የውጭ አገር ሰው ማን ነው? እኛ?» ተንጫጩ። «ሰውዬው የተቀመጠበትን ረስቶታል!»

ሙሴ ሰፌድ አምጪ አለኝ። ከየጆንያው አንዳንድ እፍኝ እየዘገነ ለየብቻ ቆለለ። ስንዴው የሠራተኞቹ ወገን ነው አለ፤ ፋብሪካ የሚውሉት፣ ደሞዝ ይጨመርልን የሚሉት። ነጩ ጤፍ የካቶሊኮቹ ነው። ቀዩ ማሽላ እንደ ሞስኮብ እንሁን የሚሉት ናቸው። ባቄላው የባላባቶቹና የድሮዎቹ መኮንኖች ነው። ተልባው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እነዚያ ቡናማ ሸሚዝ ለብሰው በየመንገዱ የሚሰለፉት፣ የሚጮኹት፣ ያልመሰላቸውን የሚደበድቡት ናቸው አለ።

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!» አለ አንድ ገበሬ። ሁሉም ሳቀ። ተረቱን ለሙሴ ነገርኩት፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ቀድሞ እፍኝ አይሞሉም ነበር። አሁን ግን ተመልከቺ» አለና ተልባውን በሁለት እጁ እየዘገነ ጨመረበት፣ ጨመረበት፣ ከሰፌዱ ተርፎ መሬት እስኪፈስ ድረስ።

ከዚያ ቀጠለ። ሰው ሁሉ የወደደውን ወገን ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ከዚያ ይቆጠራል። አንዱ ወገን ብቻውን ከግማሽ በላይ ካላገኘ፣ ሁለት ሦስቱ ተስማምተው አብረው ይገዛሉ።

«እንግዲያ ሰርገኛ ጤፍ ናቸው በይኛ!» አለች የነገሌዋ ነጋዴ። «ኋላ ተደባልቀው የሚፈጩ ከሆነ በፊት ምን አጣላቸው? ለመሆኑ ሴትም ወረቀት ትከታለች?»

«ትከታለች።»

«ባሏ ባቄላ ሲል እሷ ማሽላ ብትልስ?»

«ማንም አያይባትም፤ በድብቅ ነው።»

«ዱጋ?» አለች በኦሮምኛ፣ እውነት? ማለቷ ነው። «እባክሽ ሙሴን እዚያ አገር ውሰደኝ በይልኝ!»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደግሞ፣ «ይሄማ ገዳ ነው። የኛም አባቶች በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ይረካከቡ ነበር» አሉ በቀስታ። ወዲያው ግን አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ባሻን አይተው ነው።

ባሻ ሁሩታ አጠገብ መሬት የተሰጣቸው አሮጌ ወታደር ናቸው። ገብስ ሊያስፈጩ እንኳ ጠመንጃ ይዘው ነው የሚመጡት። እስከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው ነበር። የድብቁን ነገር ሲሰሙ ግን፣ «ወንድ ልጅ የሚደግፈውን ተደብቆ ይናገራል? የሌባ ሥራ!» ብለው ተፉ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲሆን ንጉሣቸው ምን ይላሉ?» አለ የተልባውን ተረት የተረተው ገበሬ።

ሙሴን ጠየቅሁት፤ መለሰልኝ። ሞተሩ ስለሚጮህ፣ ደግሞም ሰው ሁሉ ስለሚሰማኝ ደስ ብሎኝ፣ ባለ በሌለ ድምፄ፣ «ንጉሣቸውንማ ከታላቁ ጦርነት በኋላ ሕዝቡ አባረራቸው!» አልኩ።

ልክ ያን ጊዜ እህሉ አልቆ ሞተሩ ቆመ። በወፍጮ ቤቱ ውስጥ የቀረው የኔ ድምፅ ብቻ ነበር።

«በንጉሥ አምላክ!» አሉ ባሻ።

ይህን ቃል የተባለ ሰው መንገደኛም ይሁን ገበያተኛ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ እግሩን ቢያነሣ በንጉሥ ላይ እንዳመፀ ይቆጠራል። ቆምኩ። ሰፌዱ በእጄ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ንጉሥ ይባረራል ብለሽ በሰው መካከል ታስተምሪያለሽ?»

«ባሻ፣ እኔ አይደለሁም፣ ሙሴ ነው ያለው።»

«ሙሴ በቋንቋው ተናገረ፤ ማን ሰማው? በአማርኛ የሰማሁት ካንቺ አፍ ነው።»

እውነቴን ነው፣ ለዚህ ነገር መልሱን እስከ ዛሬም እፈልጋለሁ።

«አባትሽ ማን ነው? ልጅ አይከሰስም፤ ያሳደገ ነው የሚከሰስ።»

ጣቢያ ድረስ ከኋላቸው ተከተልኩ። አባባ ተሳፋሪ እያነጋገሩ ነበር። ባሻ ነገሩን በአጭሩ ነገሯቸውና ቁራኛ ጠየቁ። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ፣ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ቁራኛ ይኸው ነው። አባባ ግን የጣቢያውን ኮትና ሱሪ ነው የለበሱት። የሚቋጠር ጫፍ የላቸውም። ባሻ ዙሪያቸውን ዞረው ኮቱን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ሂጂ፣ ኩታውን ከቤት አምጪ» አሉኝ።

አባቴ የሚታሰሩበትን ልብስ እንዳመጣ እኔ ተላክሁ። ኩታው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እማማ፣ «በዚህ ሰዓት ለምን ፈለጉት?» ስትለኝ፣ «በርዷቸው» አልኳት። አዳማ፣ በጠራራ ፀሐይ! እናቴ ፊቴን አየችው። ነጠላዋን አንሥታ ተከትላኝ ወጣች።

ባሻ ራሳቸው ቋጠሩት። አንዴ ቋጥረው አላመኑትም፣ ደገሙት።

የከተማው ሹም ጉልበታቸውን አሟቸው ሶደሬ ፍል ውሃ ወርደው ነበርና፣ እሳቸው እስኪመለሱ ድረስ ባሻ የኛ ቤት እንግዳ ሆኑ። እንግዳ ልበላቸው እንጂ ሌላ ምን እላቸዋለሁ? አባባ ሲቀመጡ ይቀመጣሉ፣ ሲነሡ ይነሣሉ። እማማ በአንድ መሶብ ታቀርብላቸዋለች። ባሻ ለጸሎት ሲቆሙ አባባም ይቆማሉ። ጠመንጃው ከራስጌያቸው ተደግፏል። እኔን ባሻ ቀና ብለው አያዩኝም ነበር፤ ውሃ ሳስታጥባቸው እንኳ የሚያዩት ጣሳውን ነው።

ጎረቤት እየመጣ ይንሾካሾካል። አንዷ «እግር ብረት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ግዞት ነው እንጂ» ትላለች። ፈረንሳዊው የጣቢያ ሹምም አስተርጓሚ ከሌለ ሌላ እቀጥራለሁ ብሎ ላከ። ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። የባሻንና የአባባን ወሬም እሰማለሁ። መጀመሪያ ስለ ዝናብ አነሡ። ከዚያ ስለ ኅዳር በሽታ አነሡና፣ ባሻ በዚያ በሽታ የሞተችባቸውን ሴት ልጅ፣ አባባም እኔ የማላውቀውን ታላቅ ወንድሜን አወሩ።

የከተማው ሹም ከሶደሬ ሲመለሱ ችሎቱ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተዘረጋ። ሙሴም ተጠርቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ።

«አስተርጓሚ ማን ነው?» አሉ ሹሙ።

«አዳማ ላይ ፈረንሳይኛም አማርኛም የሚያውቀው ይኸው ተከሳሹ ነው፣ ጌታዬ» አለ አንድ ዘበኛ።

«ተከሳሽ ለራሱ አይተረጉምም። ልጅቷ ትምጣ።»

ከሕዝቡ መካከል ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። «ንጉሥ ይሙት፣ አልጨምርም አልቀንስም በይ» አሉኝ። አልኩ። ከዚያ የሙሴን አገር ነገር ከሥሩ እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ሰፌድ የለ፣ እህል የለ፣ በአፌ ብቻ። ስንዴውን፣ ጤፉን፣ ማሽላውን እየጠራሁ ተናገርኩ። ሹሙ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወደ ሙሴ ዞረው፣ «ንጉሥህ ዛሬ የት ናቸው?» አሉት።

ሙሴ መለሰ። የመለሰው ነገር እንዲህ ብሎ የሚነገር አልነበረም። ቀና ብዬ አባባን አየሁ፤ ከሙሴና ከኔ ሌላ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። መሬት መሬት ያያሉ። «በጸሎት ይኖራሉ» ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ምያለሁ፤ ያውም በማን!

«ሆላንድ በሚባል አገር በስደት ይኖራሉ። እዚያም... እንጨት ይፈልጣሉ ይባላል» አልኩ።

ሹሙ ኩታቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ዓይናቸው ብቻ ቀረ። ተቆጥተው ይሁን ስቀው ማንም አላወቀም።

«እንጨት?» አሉ ባሻ። «በገዛ እጃቸው?»

«በገዛ እጃቸው፣ ይላል።»

«ንጉሥ! የሚፈልጥላቸው አንድ ሎሌ ጠፋ?» ብለው ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ፤ አባባንም ቋጠሮው ጎትቶ አስቀመጣቸው። የባሻ ዓይን እንባ አቀረረ።

ሹሙ በኩታቸው ውስጥ ሆነው እንደገና ጠየቁ። «እነዚህ ወገኖች ሲሟገቱ ዳኛው ሕዝቡ ነው አልሽ። ይሁን። የተረታው እንዳይሸፍት፣ የረታውም የተረታውን እንዳያጠፋ፣ ዋሳቸው ማን ነው?»

ለሙሴ ዋስ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። «ዋስ የላቸውም» አለ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ዋስ የሌለው ሙግት!» አለ አንዱ። «ደም ነው የሚያመጣ!» አለ ሌላው።

ባሻ ግን ሐሳባቸው አሁንም እንጨቱ ላይ ነበር። «ለንጉሣቸው የቆመ አንድም ወገን የለም?»

«አለ እንጂ፣ ባሻ። ባቄላው፣ ማለቴ ባላባቶቹ፣ ከነሱ መካከል ንጉሣችን ይመለሱልን የሚሉ አሉ።»

«ታዲያ ምነው ያን ቀን ሳትናገሪ!»

«በንጉሥ አምላክ ብለው አስቆሙኝ እኮ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የሹሙ ኩታ ከአፋቸው ወረደ፤ እሳቸውም ስቀው ኖሯል። አለቀልን፣ ዳንን ብዬ ተንፈስ አልኩ። ምን አለቀ!

«ልጅቷ የሰው ወሬ አወራች እንጂ የራሷን አልጨመረችም» አሉ ሹሙ፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው። «ነገር ግን የወፍጮ ቤት ወሬ ከዱቄት ይልቅ ይበናል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ላለመሰማቱ አባት ዋስ ይጥራ። ዋስ ካጣ እግር ብረት ይግባ።»

አባባ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ የጣቢያው ሠራተኞችም ነበሩ፤ በየበዓሉ ቤታችን የሚበሉ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ግራሩን። በንጉሥ ነገር ማን ይዋሳል? ሙሴ ነገሩ ገብቶት እጁን አወጣ፤ «ፈረንጅ ዋስ አይሆንም። ነገ ባቡር ላይ ይወጣል» ተባለ። እማማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነክሳዋለች። ዘበኛው ከጓሮ ብረቱን ሲያነሣ ቅጭልጭልታው ተሰማኝ።

ባሻ ተነሡ። ቋጠሮው ስላልተፈታ አባባም አብረው ተነሡ።

«እኔ እዋሰዋለሁ» አሉ።

«ከሳሹ?» አሉ ሹሙ።

«ከሳሹ። አብሬው ሰንብቻለሁ፣ ጌታዬ። ተኝቶ እንኳ ኩታዬን ጎትቶብኝ አያውቅም።»

ቋጠሮው ጠብቆ በእጅ አልፈታ አለ፤ ዘበኛው በጥርሱ ፈታው። እኔ አለቀስኩ። ባሻ ግን ሲወጡ አጠገቤ ቆም ብለው፣ ከክሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አይተው፣ «ሐሙስ ገብሴን ይዤ እመጣለሁ። የንጉሡ ሰዎች ስንት እንዳገኙ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ።

እንግዲህ አዲሱ ፍርሃቴ ተጀመረ። ዋስ የሆነ ሰው ዋስነቴን አወረድኩ ማለት ይችላል፤ ያወረደ ቀን አባባ ወደ ብረቱ ናቸው። ስለዚህ እኔ፣ ጀርመንን በዓይኔ አይቼ የማላውቅ፣ በየሌሊቱ ለባቄላው መጸለይ ያዝኩ። አባባ ሲላጩ፣ ኮታቸውን ሲቦርሹ፣ እያየሁ «አምላኬ፣ ባቄላውን አብዛው» እል ነበር።

የምርጫውን ውጤት የያዘው ጋዜጣ መጣ። ሙሴ አንብቦ ሲጨርስ ዝም ብሎ ሰፌዱን አነሣ፤ ከየእህሉ እየዘገነ ቆለለ። ተልባው እንደገና ፈሰሰ። ባቄላው ጥቂት ነበር፤ የሚያሳፍር ጥቂት። «ትንሽ ጨምርበት» አልኩት። «አልችልም» አለኝ።

ሐሙስ ባሻ መጡ። አህያቸውን ካሰሩ በኋላ ቀጥታ ወደኔ መጡ። ሰፌዱን አቀረብኩላቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ ብቻ?»

«ይሄ ብቻ፣ ባሻ።»

ጢማቸውን ያዙ። የነገሌዋ ነጋዴም ታያቸዋለች። «መቼ ነው ደግሞ የሚመርጡት?» አሉ።

ሙሴን ጠየቅሁት። «ዘንድሮ እንኳ ደጋግመን መርጠናል። ገና እንመርጣለን» አለ።

የባሻ ፊት በራ። «ይግባኝ አለዋ! ምነው ከመጀመሪያው አትነግሪኝም? ይግባኝ ያለው ሙግት ምን ያስፈራል!»

በደስታ ልዘል ደረስኩ። ለሙሴም እየሳቅሁ ነገርኩት። እሱ ግን ጣቱን ተልባው ላይ አድርጎ ሌላ ነገር ተናገረ። ሳቄ ጠፋ። አልጨምርም አልቀንስም ያልኩት ለችሎት ነበር፤ ግን ባሻ አፌን እያዩ ነው።

«እነዚህ ካሸነፉ ከእንግዲህ ምርጫ የለም ይላሉ።»

«ይግባኝም የለም?»

«ይግባኝም የለም።»

ባሻ ከተልባው ዘገኑ። በጣቶቻቸው መካከል እያሟለጨ ወደ ሰፌዱ ተመለሰ። ሙሴን አዩት፣ ሙሴም አያቸው፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም።

«ምስኪን» አሉ ባሻ። ለሙሴ ይሁን እንጨት ለሚፈልጡት ንጉሥ አልገባኝም፤ ስለዚህ አልተረጎምኩትም። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ለአባትሽ ንገሪው፤ ዋስነቴን አላወርድም» አሉና ገብሳቸውን ሊያወርዱ ሄዱ።

ሰፌዱን ለነገሌዋ ነጋዴ አስይዤ ሮጥኩ። አባባ የድሬዳዋን ባቡር እየተቀበሉ ነበር፤ ተሳፋሪው ከቧቸዋል። በሩቁ እጄን አነሣሁላቸው፤ ኩታው ዳግመኛ አያስፈልግም ማለቴ ነበር። አዩኝ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና፣ ሻንጣ የጠፋባትን አንዲት ፈረንጅ ማነጋገራቸውን ቀጠሉ።